ስቱደንት ኮፒ፣ ሰርቪስ፣ ሰፖርት ሌተር፤ ይሄ የማን እንግሊዝኛ ነው?

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ የእኅቴ ልጅ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ከክፍል ስወጣ እዚያ አረፍ ማለት ልማዴ ነው። በእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ሰው ከመጣ ደግሞ «ትንሽ ይጠብቁ፣ አክስቴ ትየው» ይባላል። ሰሞኑን አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ለእርዳታ ድርጅት የሚልከውን ማመልከቻ ስናስተካክል ኮምፒውተሩ ገጹን በቀይ አተራመሰው። «አቶ» ላይ ቀይ፣ «ወረዳ» ላይ ቀይ፣ «ቀበሌ» ላይ ቀይ፣ «ጃቢ ጠህናን» ላይማ ከዳር እስከ ዳር ቀይ። ልጁ «ቋንቋውን ልቀይረው» ብሎ ዝርዝሩን ከፈተ። የአሜሪካ እንግሊዝኛ፣ የብሪታንያ፣ የአውስትራሊያ፣ የካናዳ፣ የህንድ፣ የጃማይካ፣ የሲንጋፖር፣ የዚምባብዌ፣ የትሪኒዳድና ቶቤጎ፣ የቤሊዝ።

«ቤሊዝ ደግሞ የት ነው?» አለኝ።

መካከለኛው አሜሪካ ውስጥ ያለች፣ ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን የማይሞላ አገር ናት አልኩት።

«እና እነሱ የራሳቸው እንግሊዝኛ አላቸው፣ እኛ የለንም?»

ደንበኛው ይቸኩል ስለነበር ቃላቶቹን አንድ በአንድ ኮምፒውተሩ መዝገብ ውስጥ አስገብተን፣ ቀዩን አጥፍተን ሸኘነው። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቤት ገባ። እንግሊዝኛ አስተምሬ የምበላ ሰው ነኝና መልሱን እዚህ ልሞክረው።

በመጀመሪያ ያ ዝርዝር ውስጥ መግባት ራሱ ያን ያህል የሚያኮራ አይደለም። አብዛኛው የቀን አጻጻፍና የገንዘብ ምልክት ጉዳይ ነው። ትልቁ ጥያቄ ሌላ ነው፦ አንድ አገር የሚናገረው እንግሊዝኛ «ስሕተት» መባሉ ቀርቶ «የእገሌ አገር እንግሊዝኛ» የሚባለው መቼ ነው? ማንስ ነው የሚለው?

ስሙ ሲወለድ ብዙ ጊዜ በስድብ ይወለዳል። «የካናዳ እንግሊዝኛ» የሚለው አጠራር ቀድሞ ተመዝግቦ የሚገኘው በ1857 ነው (የውጭዎቹን ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የተናገረው ጌኪ የሚባል ቄስ ሲሆን ሊያመሰግን አልነበረም፤ ካናዳውያን የተበላሸ ቋንቋ እያመጡ ነው ብሎ ሊከስ ነበር። ከዚያ 110 ዓመት አለፈ። አገሪቱ መቶኛ ዓመቷን ባከበረችበት በ1967 የካናዳን ቃላት ከነታሪካቸው የሚዘግብ መዝገበ ቃላት ታተመ። ስድቡ የመጽሐፍ ርዕስ ሆነ ማለት ነው።

አሜሪካኖቹ ቸኩለዋል። ከእንግሊዝ ጋር የነፃነት ውሉን በተፈራረሙበት በዚያው በ1783 ኖህ ዌብስተር የሚባል ወጣት አስተማሪ ለልጆች የፊደል መማሪያ አሳተመ። በ1806 ትንሽ መዝገበ ቃላት አወጣ። በ1828 ደግሞ 70,000 ያህል ቃላት የያዘውን ትልቁን አወጣ፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 70 ደርሷል። ተማሪዎቼ «ከለር» ሲጽፉ «ዩ» ልጨምር ልተው ብለው የሚያፋጥጡኝ በእሱ የተነሣ ነው። ሰውየው ግን ያለው ሁሉ አልሆነለትም። ምላስ ማለት የሆነውን «ተንግ»ን በስድስት ፊደል ከምንጽፍ በአራት እንጻፈው ብሎ ነበር፤ የሰማው የለም። እኔ ከዌብስተር ታሪክ የምወስደው ይህን ነው፦ ትልቁ መጽሐፉ ሳይመጣ በፊት ትንሹ መማሪያ በየመንደሩ ልጅ እጅ ገብቶ ነበር። በአሜሪካ አጻጻፍ ፊደል የቆጠረ ትውልድ አድጎ መዝገበ ቃላቱን ጠበቀው።

አውስትራሊያዎቹ በተቃራኒው ዘገዩ። እንግሊዞች እዚያ የሰፈሩት በ1788 ነው። ልጆቻቸው ብዙም ሳይቆዩ የራሳቸውን አነጋገር አወጡ፤ ሆኖም ትምህርት ቤቱም ሬዲዮውም ለረጅም ጊዜ ወደ ለንደን ሲያዩ ኖሩ። በ1940ዎቹ ሚቸል የሚባል የሲድኒ ምሁር፣ የአውስትራሊያ አነጋገር የእንግሊዝን መናገር ያቃተው ሰው አነጋገር አይደለም፣ ራሱን የቻለ ነው ብሎ መከራከር ጀመረ። የአገሬውን አነጋገር እንደ እንግዳ ነገር ሳይሆን እንደ መነሻ የወሰደው ትልቁ የማኳሪ መዝገበ ቃላት የታተመው በ1981 ነው። ከሰፈራው 193 ዓመት በኋላ! ለዚያውም እንግሊዝኛን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡ ሰዎች ናቸው።

እኛ ጎጃሜዎች ይህን ነገር ከቅኔ ቤት እናውቀዋለን። ዋሸራ ዋሸራ የተባለው፣ ጎንጅም ጎንጅ የተባለው፣ ቅኔ ስለተቆጠረበት ብቻ አይደለም፤ ቅኔማ የትም ይቆጠራል። የዋሸራ ተማሪ ቅኔው ቀና እንደሆነ ለማወቅ ሌላ የቅኔ አገር ዋድላ ወርዶ አይጠይቅም። ሲነግር የሚያርመው፣ ሲበስል የሚያስመሰክረው መምህር እዚያው ተቀምጧል። ቤት የሚያሰኘው የሚያርም ሰው በቤት ውስጥ መኖሩ ነው። የእንግሊዝኛውም ነገር ከዚህ አይርቅም። የአገሩ ሰው ትክክልና ስሕተትን ሲለይ ዓይኑን ወደ ውጭ መላኩን ሲያቆም ነው ነገሩ የሚያልቀው። ከውጭ የሚመጣው ዕውቅና የሚከተል እንጂ የሚቀድም አይደለም።

አዮ ባምግቦሼ የሚባል የናይጄሪያ የቋንቋ ሊቅ በ1998 ይህን በአምስት ጥያቄ ከፍሎታል። አጠቃቀሙን ስንት ሰው ይናገረዋል? ምን ያህል አገር ተሠራጭቷል? የሚናገሩት እነማን ናቸው፣ አስተማሪና ጋዜጠኛ፣ ደራሲና ፈታኝ አሉበት? በመጽሐፍ ሰፍሯል? ሰዉስ ተቀብሎታል? ከሁሉም የሚያጠብቀው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ነው። ሳይጻፍ የቀረ አጠቃቀም ለአስተማሪ መደገፊያ የለውም፤ ተማሪው «የት ተጽፎ?» ሲለው የሚያሳየው ነገር ያጣል።

ይህ ከተባለ ሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ2020 መጀመሪያ፣ የኦክስፎርዱ ትልቁ መዝገበ ቃላት 29 የናይጄሪያ ቃላትና አባባሎችን አስገባ። የሌጎስ ቢጫ ሚኒባስ «ዳንፎ» ገባ። ሰው የሚያመላልሰው ሞተር ብስክሌት «ኦካዳ»ም ገባ፤ ይህ ስም በአንድ የአየር መንገድ ድርጅት ስም የወጣ ነው፤ ልክ እኛ ባለሦስት እግሯን በሠሪዋ ስም «ባጃጅ» እንዳልናት። ከሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ ግን «ኔክስት ቱሞሮው» ነው። ከነገ ወዲያ ማለት ነው። የእኔ ተማሪዎች ያንኑ ሐሳብ «አፍተር ቱሞሮው» ብለው ይጽፉታል፤ በየዓመቱ፣ በየክፍሉ፣ ሳይነጋገሩ። እኔም በየዓመቱ በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበታለሁ። የናይጄሪያው አባባል ከእኔ ተማሪ አባባል በምን በለጠ? በአመክንዮ በምንም አልበለጠም። የበለጠው በጋዜጣና በመጽሐፍ ላይ ደጋግሞ ታትሞ በመገኘቱ ነው። የመዝገበ ቃላት ሰዎች የሚለቅሙት የታተመውን ምስክር ነውና። የእኔ ተማሪ ቃል ደብተር ላይ ተጽፎ፣ በቀይ ተሰምሮበት፣ ሰኔ ላይ ለሱቅ ጥቅል ይሸጣል።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው፤ ከተማው ሁሉ «ቲቸር» ነው የሚላቸው። ደብረ ማርቆስ ሲማሩ መጀመሪያ ህንድ አስተማሪ ነበራቸው፤ በኋላ ደግሞ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ቡድን ፒስ ኮር መጣ፤ አሜሪካኖቹ ኢትዮጵያ የገቡት በ1962 ነው፣ በእኛ በ1955 ዓ.ም. መግቢያ። «ህንዱ ሼድዩል ይላል፣ አሜሪካዊው ስኬጁል ይላል፣ መጽሐፉ የእንግሊዝ ነው። እኛ በመሐል ጆሯችን ቆመ!» ይሉኛል። የ«አፍተር ቱሞሮው»ን ነገር ሳጫውታቸው ግን ሳቃቸውን አቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ የድኻ ልጅ ይዘሽ አትጫወቺ» አሉኝ። «ያለው ሰው ልጁን አዲስ አበባ ልኮ የፈረንጁን ያስተምራል። አንቺ ለገበሬው ልጅ ‹ያንተም ልክ ነው› ብለሽ ፈተና ላይ ብታቆሚው ማን ያልፍለታል?»

«እርስዎ ያሉትን ትልልቆቹም ተከራክረውበታል ጋሼ» አልኳቸው፤ እውነቴን ነው። ካሽሚር ተወልዶ አሜሪካ ያስተማረው ብራጅ ካችሩ የእንግሊዝኛን ዓለም በሦስት ክብ ከፍሎት ነበር። ውስጠኛው እነ እንግሊዝና አሜሪካ፣ ሁለተኛው እነ ህንድና ናይጄሪያ፣ ሦስተኛው እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ብቻ የሚያገኙት። ሁለተኞቹ የራሳቸው ደንብ ሊኖራቸው ይገባል አለ። የለንደኑ ምሁር ራንዶልፍ ክወርክ አይሆንም አለው። ተማሪው የሚፈልገው ዓለም የሚያከብረውን እንግሊዝኛ ነው፣ በአገርህ ይበቃሃል ማለት መበደል ነው አለ። በ1990ና በ1991 በመጽሔት ተመላልሰውበታል። ቲቸር ሳያውቁት የክወርክ ወገን ናቸው። እኔ የካችሩ ወገን ነኝ፤ ፈተና እስካለ ድረስ ግን እንደ ቲቸር አርማለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና መልስ ሲታረም የእኔን ወገንተኝነት የሚጠይቅ የለም።

እዚህ ላይ የእኅቴን ልጅ ጥያቄ በቀጥታ ላንሳው። የራሳችን የሆነ እንግሊዝኛ አለን?

ቃላቱማ አሉን፣ ሞልተውናል። ለንደን ላይ አንዱን ሰው «ሰርቪስ አመለጠኝ» በሉት፤ ቅዳሴ ያመለጣችሁ ይመስለዋል። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ መሆኑን የሚያውቀው የእኛ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ «ስቱደንት ኮፒ» (የውጤት ግልባጭ) እና «ቴምፖ» (ጊዜያዊ ዲግሪ) ይዞ ይወጣል፤ ኦሪጅናሉን ለማግኘት «ኮስት ሼሪንግ» መክፈል አለበት፤ ከመውጣቱ በፊት «ክሊራንስ» ያስፈርማል። ተመራቂ ሲሆን «ጂሲ» ነው። «ጂሲ» ደግሞ ደብዳቤ ላይ ከዓመተ ምሕረት ጎን ሲጻፍ የፈረንጅ አቆጣጠር ማለት ነው፤ ማንም አይምታታበትም። ወረዳ ስትገቡ በር ላይ «ፕሮሰስ ኦውነር» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ፤ የሥራ ሂደት ለውጥ በመጣ ጊዜ የተተከለ ማዕረግ ነው። የስብሰባ ጥሪ ላይ «2:30 ሎካል ታይም» ይባላል። ሌላው ዓለም በዚህ የሚረዳው የአገሩን ሰዓት ነው፤ እኛ የምንለው ግን ከንጋት የሚቆጠረውን ነው። አንድ ፈረንጅ አማካሪ ይህን ጥሪ ይዞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል እንዲመጣ የተጠራ ቢመስለው አልፈርድበትም።

ሰዋስውም አለን። «ሚስተር»ን ከራስ ስም ጋር እንጂ ከአባት ስም ጋር አናስኬድም፤ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንምና ልክ ነን። ያልተስማማንበት ነገር ደግሞ አለ። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው አስፋልት ዳር ያሉትን ታፔላዎች እያነበባችሁ ሂዱ። ጎጃም አንዱ ጋ በአንድ «ጄ»፣ ሌላው ጋ በሁለት። ደብረ ማርቆስ አንዱ ጋ ተገጥሞ፣ ሌላው ጋ ተለያይቶ። የአገራችንን ስም እንኳ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምንጽፍ የሚያርመን መምህር አልተቀመጠም።

ታዲያ ቃልም ሰዋስውም ካለ ምን ጎደለ? ይህን ያየሁት ስለ አንድ ትልቅ ሥራ ሳነብ ነው። የለንደኑ ሲድኒ ግሪንባም የጀመረው፣ የየአገሩን እንግሊዝኛ በአንድ ዓይነት መስፈሪያ የሚሰበስብ ፕሮጀክት አለ። እያንዳንዱ አገር 500 ናሙና ያቀርባል፤ እያንዳንዱ ናሙና 2,000 ቃል ያህል ነው፣ በጠቅላላው አንድ ሚሊዮን ቃል። ህንድ ገብታለች፣ ፊሊፒንስ ገብታለች፣ ጎረቤታችን ኬንያ ከታንዛኒያ ጋር ምሥራቅ አፍሪካ ተብላ ገብታለች። ከ500ው ውስጥ 300ው የተጻፈ ሳይሆን የተነገረ መሆን አለበት። ከዚያም ውስጥ 90ው ሰውና ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ያወራው ተራ ወሬ ነው።

ኧረ በእመብርሃን! ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ቡና ተፈልቶ፣ ሁለት ጎጃሜዎች በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ያያችሁ አላችሁ? ሁለቱም ዶክተር ቢሆኑ እንኳ? ሌጎስ ላይ ዮሩባውና ሐውሳው ሲገናኙ የሚያግባባቸው እንግሊዝኛው ነው፣ ወይም ከአገሬው ቋንቋ ጋር የተቀላቀለው ፒጂኑ። እኛ ከሌላው ክልል ሰው ጋር ስንገናኝ ለዚያ አማርኛ አለን። እንግሊዝ አልገዛንም፤ ጣሊያን በቆየባት አምስት ዓመት ጎማና ካቻቪቴን ትቶልን ሄደ። እንግሊዝኛ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ተጋብዞ በትምህርት ቤት በር ነው፣ እስካሁንም ከዚያ በር ብዙ አልራቀም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ይባላል እንጂ፣ የፊዚክስ አስተማሪው ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ጽፎ በአማርኛ ሲያስረዳ ግድግዳው ማዶ ሆኜ በየቀኑ እሰማዋለሁ። አልወቅሰውም፤ ልጆቹ እንዲገባቸው ነው።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት የመጣ ጊዜም አይተነዋል። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚመጣ ነበር። ልጆቹ አነጋገሩን ሳይለምዱት፣ ጥያቄ ሳይጠይቁት፣ ሰዓቱ ሞልቶ ይዘጋል። ለመድረስ ሲሮጡ ይውሉና መጨረሻ ላይ ቀና ብለው እኔን ያያሉ። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄኛው ደግሞ የማን እንግሊዝኛ ነው?» ያለችኝን አልረሳውም። የደቡብ አፍሪካ እንግሊዝኛ በ1996 ከነታሪኩ የራሱን መዝገበ ቃላት ያገኘ፣ ስም ያለው እንግሊዝኛ መሆኑን ያን ጊዜ ብነግራት ምን ትል ነበር?

እንግዲህ የእኛ እንግሊዝኛ የአፍ አይደለም፤ የወረቀት ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። እኔ እንደ ባሕርዩ ነው የማየው። ያ ፕሮጀክት ከሚፈልገው ውስጥ 200ው የጽሑፍ ናሙና ነው፦ ደብዳቤ፣ የተማሪ ድርሰት፣ የፈተና ወረቀት፣ የምርምር ጽሑፍ። ይህንንስ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤትና ከሁለት ሦስት የእርዳታ ድርጅቶች ካዝና አውጥቼ እሞላዋለሁ። ቋንቋው ያለው እዚያ ነው፤ በቃለ ጉባኤ፣ በፕሮፖዛል፣ በመመረቂያ ጽሑፍ፣ በሪፖርት። በተለይ በሪፖርት።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። ወርክሾፕ ተጠርቶ፣ አበል ተበልቶ፣ «የኢትዮጵያ እንግሊዝኛ» ተብሎ ታውጆ፣ የቡድን ፎቶ ተነሥተን እንዳንመለስ። ዌብስተርም በማወጅ «ተንግ»ን አላሳጠረውም። ቃሉ ከነምስክሩ ካልተለቀመ፣ የቱ በመላ አገሩ የሚሠራበት፣ የቱ የአንድ ተማሪ መዘንጋት እንደሆነ አይለይም። «አፍተር ቱሞሮው» ራሱ የመጀመሪያው ነው ወይስ ሁለተኛው? ደብተር ላይ ብቻ ካየሁት ሁለተኛው ነው እላለሁ። በተማረ ሰው የታተመ ጽሑፍ ላይ፣ ከተለያየ ከተማ፣ በተለያየ ዓመት ካገኘሁት ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ።

ስለዚህ ራሴ መልቀም ጀምሬያለሁ። አሠራሬ ይህን ይመስላል። «ሰፖርት ሌተር» ብዬ ከላይ እጽፋለሁ። ከሥሩ ትርጉሙን፦ አንድ መሥሪያ ቤት ለሌላው መሥሪያ ቤት፣ የደብዳቤውን ያዥ እንዲያስተናግደው የሚጽፍለት፤ የድጋፍ ደብዳቤ ከሚለው የወጣ። ቀጥሎ የተገኘበትን ዓመተ ምሕረት፣ የጽሑፉን ዓይነት፣ ዓረፍተ ነገሩን ከነጉድፉ። ከዚያ ሌላ ምስክር፣ ከሌላ ቦታ። ከአንድ ቦታ ብቻ የተገኘውን በእርሳስ እጽፈዋለሁ፤ ሁለተኛ ምስክር ሲመጣለት በእስክሪብቶ ይደምቃል። እስካሁን «ስቱደንት ኮፒ»ም «ክሊራንስ»ም በእስክሪብቶ ናቸው፤ «አፍተር ቱሞሮው» በእርሳስ ነው።

ቤታችሁ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ ያረጀ የእንግሊዝኛ ወረቀት ያላችሁ ጎጃሜዎች፣ በተለይ ከ1970ዎቹ ወዲህና ወዲያ ያለ ማመልከቻ፣ የስንብት ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ፣ የስብሰባ ጥሪ ያላችሁ፣ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ። የሰውና የመሥሪያ ቤት ስም፣ ፊርማና ማኅተም በወረቀት ሸፍኑት። ዓመተ ምሕረቱን ግን አትሸፍኑብኝ፣ አንድ ቃልም አታርሙልኝ።